ያውቁ ኖሯል? የውጭ አገር መምህር በኮሪያ ሌሊት

ለእንግሊዝኛ ፈተና ሲባል አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ የሚደረግበት አገር እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ደቡብ ኮሪያ ነው! በየዓመቱ ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ተማሪዎቹ የእንግሊዝኛውን የማዳመጥ ክፍል በሚሠሩባቸው 35 ደቂቃዎች የአገሪቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ጸጥ ይላሉ! የደረሰ አውሮፕላን ቢኖር እንኳ ፈተናው እስኪያልቅ ሰማይ ላይ እየዞረ ይጠብቃል!

ለእንግሊዝኛ እንዲህ የሚጨነቅ ሕዝብ መምህር ከባሕር ማዶ ቢያስመጣ አይገርምም። መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር መምህራንን ያስቀጥራል (ከዚህ በኋላ የሚያነቧቸው ቀኖችና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከደመወዙ በላይ መኖሪያ ቤትም ይሰጣል! ለሥራው የሚሆነው ቪዛ ግን በዋነኛነት የሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድና የደቡብ አፍሪካ!

እንግዲህ ይህ መምህር ቀን ያስተምራል። ማታስ? ቋንቋ አያውቅም፣ ዘመድ የለውም፣ የተሰጠችው ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ሰው የት ያገኛል? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው!

ሴኡል ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማስጠናት በከተማው ደንብ እንደሚከለከል ያውቁ ኖሯል? ሃግዎን የሚባሉት የግል ማስጠኛ ቤቶች ሕፃናቱን እስከ እኩለ ሌሊት ይይዙ ስለነበር ሰዓት ተገደበባቸው! ተቆጣጣሪዎች ማታ ማታ እየዞሩ ይፈትሻሉ! በእነዚህ ቤቶች የሚሠራ መምህር ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ማታ ይወጣል። እራት የሚበላው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው! ደግነቱ ከተማዋም አትተኛም!

ግን ያቺው የማትተኛ ከተማ ከ1945 እስከ 1982 ድረስ በሰዓት እላፊ ትኖር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይታሰር ነበር! ሰዓት እላፊው የተነሣው ጥር 5 ቀን 1982 ነው። የደርግን ዘመን ሌሊት የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ያን ቀን የሴኡል ሰው ምን እንደተሰማው አይጠፋውም!

ዛሬ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ! እኩለ ሌሊት ገደማ ያቆምና ከንጋቱ 11፡30 ገደማ ይጀምራል። የመጨረሻው ባቡር ካመለጠዎት ወይ ታክሲ ነው፣ ወይ እስኪነጋ መቆየት! ብዙ ወጣት ሆን ብሎ ሁለተኛውን ይመርጣል!

ወይም በገላ መታጠቢያ ቤት ያድራል! አዎ፣ በገላ መታጠቢያ ቤት! ጂምጂልባንግ ይሉታል። ይታጠባሉ፣ ቤቱ የሚሰጥዎትን ቲሸርትና ቁምጣ ይለብሳሉ፣ ሞቅ ያለው ወለል ላይ ከማያውቁት ሕዝብ ጋር ጋደም ይላሉ! አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይተኛሉ፣ ፍቅረኞች ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ሰዎች ፎጣቸውን እንደ በግ ቀንድ ጠቅልለው ራሳቸው ላይ ደፍተው የተጋገረ እንቁላል ይልጣሉ! ዋጋው ከሆቴል ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። ለብቸኛ መምህር ከዚህ የተሻለ መጠለያ መኖሩን እጠራጠራለሁ!

ከማንም ጋር ሲተዋወቁ ከሚቀድሙት ጥያቄዎች አንዱ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ብልግና አይደለም! አንቱታው፣ አቀማመጡ፣ አቀዳዱ ሁሉ በዕድሜ ይወሰናል!

በቀድሞው አቆጣጠር ልጅ ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በየአዲስ ዓመቱ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ አንድ ይጨምራል። ታኅሣሥ 31 የተወለደ ሕፃን በማግስቱ ሁለት ዓመት ሞላው ይባል ነበር! ሰኔ 28 ቀን 2023 አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለና የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሌሊት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወጣት ሆነ!

ጥር 1 እኩለ ሌሊትስ? በዚያ ዓመት 19 የሚሞላቸው ወጣቶች በሙሉ በዚያች ደቂቃ መጠጥ ቤት መግባት ይፈቀድላቸዋል። መታወቂያቸውን ይዘው በር ላይ ይሰለፋሉ!

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። መምህሩ ሰው የሚያገኘው እዚያ ነውና! የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች በአንድ ላይ የሚወጡበት እራት አለ፤ ሁዌሺክ ይባላል። በዙር ይከፈላል! አንደኛው ዙር ሥጋ ነው፤ ገበታው መሐል ከሰል ይነድዳል፣ ሥጋው ይዘረጋል፣ በመቀስ ይቆረጣል! አዎ፣ በመቀስ! ሁለተኛው ዙር ሌላ ቤት ነው፣ ቢራ። ሦስተኛው ዙር ሌላ ቤት ነው፣ ዘፈን! ቀን ኮስተር ብለው የሚውሉት ርእሰ መምህር ማይክሮፎን ጨብጠው፣ ክራቫታቸውን ፈታ አድርገው ሲያንጎራጉሩ ያገኟቸዋል!

እጁን ያስተውሉ! ታላቅዎ ሲቀዱልዎ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይይዛሉ። ሲጠጡ ፊትዎን ወደ ጎን ያዞራሉ፤ ታላቅ ፊት ለፊት አይጠጣም! ለራስ መቅዳት ነውር ነው፤ የጎረቤትዎ ብርጭቆ ባዶ መሆኑን አይተው እርስዎ ይቀዱለታል፣ እሱ ለእርስዎ! በዚህ ሥርዓት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም። በሁለት እጅ መቀበልን ከእናቱ የተማረ ኢትዮጵያዊ እዚያ ገበታ ላይ እንግድነት አይሰማውም!

የሚቀዳው ሶጁ የሚባለው አረቄ ነው። ትንሿ አረንጓዴ ጠርሙስ! ጂንሮ የተባለው የሶጁ ምርት ከዓለም አረቄዎች በሽያጭ ብዛት ቁንጮ ነው፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በ1924 ነው! አረቄ ማውጣትን ወደ ኮሪያ ያስገቡት ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ሞንጎሎች ናቸው! በ1965 ሩዝ ለምግብ እንጂ ለአረቄ እንዳይውል ተከለከለና ጠማቂዎቹ ወደ ስኳር ድንችና ካሳቫ ዞሩ። የዛሬው ሶጁ የዚያ ክልከላ ልጅ ነው!

መኪና ይዘው መጥተው ጠጡ እንበል። ስልክ ይደውላሉ፣ ሹፌር ይመጣል፣ እርስዎንም መኪናዎንም ቤትዎ ያደርሳል! የታወቀ ሥራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ ሹፌሮች ሞልተዋል። ይህን አሠራር አዲስ አበባም ብታለምደው ስንት ሕይወት በተረፈ!

አስተናጋጅ ለመጥራት ማጨብጨብ የለም፤ ገበታው ላይ ደወል አለ! ይጫኑታል፣ ከተፍ ይላሉ! ቲፕ ደግሞ የለም! ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ትተው ቢወጡ ረስተውት ነው ብለው እየሮጡ ይመልሱልዎታል!

ካፌ ውስጥ ቦታ ለመያዝ ሰዎች ስልካቸውን ወይም ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ሊያዝዙ እንደሚሄዱ ያውቁ ኖሯል? ተመልሰው ሲመጡ እዚያው ነው!

በኮሪያ የነበሩት የዶሮ ጥብስ ቤቶች በአንድ ወቅት በመላው ዓለም ከነበሩት የማክዶናልድ ቤቶች ይበልጡ ነበር! ዶሮና ቢራ በአንድ ላይ ራሱን የቻለ የማታ መርሐ ግብር ነው። ሃን ወንዝ ዳር ሣር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ይደውላሉ፤ ዶሮው በሞተር ብስክሌት እዚያው ይደርሳል!

በመላ አገሪቱ ኮንቪኒየንስ ስቶር የሚባሉ ከ50,000 በላይ ትንንሽ ሱቆች አሉ፣ አብዛኞቹም 24 ሰዓት ክፍት ናቸው! ደጃፋቸው ላይ የፕላስቲክ ወንበርና ጠረጴዛ አለ። አዲስ የመጣ መምህር የመጀመሪያ ጓደኛውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ከሰፈሩ መምህራን ጋር፣ በርካሽ ቢራና ሙቅ ውሃ በፈሰሰበት ኑድል!

ጭፈራ ቤት ከሆነ የፈለጉት ሴኡል ውስጥ ሁለት ሰፈር አለ። ሆንግዴ በሥነ ጥበብ ትምህርቱ የታወቀው የሆንጊክ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ነው፤ ወጣቶች መንገድ ላይ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ያያል! ኢቴዎን ደግሞ የአሜሪካ ጦር ለአሥርት ዓመታት ሰፍሮበት ከነበረው ከዮንግሳን አጠገብ ነው። በ1976 የተከፈተው የሴኡል ማዕከላዊ መስጊድና የምሽት ክበቦቹ አንድ ኮረብታ ላይ ጎረቤት ናቸው!

በአንዳንድ የድሮ ዓይነት የምሽት ክበቦች ሰው የሚያስተዋውቀው አስተናጋጁ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሴቶቹን እጃቸውን ይዞ ወደ ወንዶቹ ገበታ ያመጣል! ካልተስማሙ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ እሱም ወደ ሌላ ገበታ ይወስዳቸዋል!

ፍቅረኛ አግኝተዋል? እንግዲያው ቀን ይቁጠሩ! 100ኛው ቀን ይከበራል! አላገኙም? ለእርስዎም በዓል አለ! ሚያዝያ 14 ቀን ብቸኞች ጥቁር ስጎ የፈሰሰበት ኑድል በአንድ ላይ ይበላሉ። ጥቁር ቀን ይባላል!

የሕዝብ መዝፈኛ ክፍሎች፣ ኖሬባንግ የሚባሉት፣ የተጀመሩት በ1991 በቡሳን ከተማ ነው። ሕዝብ ፊት ወጥቶ መዝፈን የለም፤ ከጓደኞችዎ ጋር በር ዘግተው ይዘፍናሉ! ዘፈኑ ሲያልቅ ማሽኑ ነጥብ ይሰጥዎታል! በሳንቲም፣ በዘፈን ቁጥር የሚከፈልባቸው ጠባብ ክፍሎችም አሉ፤ ብቻውን የመጣ ሰው ገብቶ ጉሮሮውን ያፍታታል!

በቡሳን የቤዝቦል ደጋፊዎች ለብዙ ዓመታት ብርቱካናማ የቆሻሻ ፌስታል ራሳቸው ላይ አስረው ይጨፍሩ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ፌስታሉን በአየር ይነፉት፣ ጆሮና ጆሮ ላይ ያስሩት፣ ጨዋታው ሲያልቅም የራሳቸውን ቆሻሻ ሰብስበውበት ይወጡ ነበር! እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ዘፈን አለው። ከጎንዎ የተቀመጠው የማያውቁት ሰው ግጥሙን ያስጠናዎታል፣ ከዶሮውም ያካፍልዎታል! የቤዝቦል ሕጉን አለማወቅ ምንም አይጎዳም!

ግን እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ በብዙ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች መምህራን በሳምንት አንድ ቀን ከክፍል በኋላ መረብ ኳስ ይጫወታሉ! ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለወራት ቃል ያልተነፈሰ ባልደረባ ኳስ ሲያቀብልዎ ስምዎን ይጠራል! ከዚያ እራት ይከተላል። አንድም የምሽት ክበብ ይህን አያደርግም!

ተራራም አለ! ቡክሃንሳን ብሔራዊ ፓርክ ሴኡል ከተማ ድረስ ይገባል፤ በምድር ውስጥ ባቡር ይደርሱበታል! ቅዳሜ ጠዋት ጡረተኞች ከእግር እስከ ራስ የተራራ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። አናት ላይ ስንቃቸውን ይፈታሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ባዕድ ሳይቀምስ አይነሣም! ሲወርዱ ከግርጌው ቤቶች ማክጎሊ የሚባለው ነጭ የሩዝ ጠላና የሽንኩርት ቂጣ ይጠብቃቸዋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይህንኑ መብላት የአገሩ ወግ ነው!

ከሴኡል ርቀው የሚኖሩ ከሆነስ? ጓንግጁ ከተማ ከ1999 ጀምሮ የውጭ ዜጎችና ነዋሪዎች የሚገናኙበት ማዕከል አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ንግግርና ውይይት ይደረጋል! በቦርዮንግ የባሕር ዳርቻ ደግሞ በየበጋው ሕዝብ ጭቃ ተቀብቶ ይታገላል! ከ1998 ጀምሮ የሚከበረው ይህ በዓል የተጀመረው ከባሕሩ ጭቃ የሚሠራውን መዋቢያ ለማስተዋወቅ ነበር! የውጭ አገር መምህራን ከአገሩ ዳር እስከ ዳር በአውቶቡስ ተጭነው ይመጡለታል!

የመምህራን ቀን ግንቦት 15 ነው፤ የኮሪያን ፊደል ያስቀረጹት የንጉሥ ሴጆንግ የልደት ቀን! ተማሪ ግን ለመምህሩ አንዲት ጣሳ ቡና እንኳ መስጠት አይችልም! ከ2016 ጀምሮ የጸረ ሙስና ሕጉ ይከለክላል!

ፊደሉ ራሱ 24 ሆሄያት ብቻ ነው! ከሀ እስከ ፐ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን የቆጠረ ሰው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ ከቻሉ ደግሞ ግማሹ ብቸኝነት ቀለለ!

በመጨረሻም፣ ቹንቾን በምትባል የኮሪያ ከተማ «የኢትዮጵያ መንገድ» እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ከ1951 ጀምሮ ለኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ እዚያ ቆሟል! ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በግንቦት 1960 ዓ.ም. ራሳቸው ተገኝተው መርቀውታል። ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ የተከፈተው «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለው ቡና ቤት ዛሬም ይሠራል! ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ኮሪያ የሚያስተምር ወዳጅ ካለዎት ዛሬውኑ ይንገሩት፤ አንድ ቅዳሜ ባልደረቦቹን ይዞ ሄዶ ቡና ይጋብዛቸው!