ሸዋ ሮቢት በፓይተን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከጣርማበር ወርዶ ቆላውን ሲይዝ ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር የይፋት ተማሪ ከእነዚህ ስሞች የተሻለ መለማመጃ አላውቅለትም።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ጽሑፍ ስትሪንግ ይባላል፤ ብዙ ነገሮችን በተራ የሚይዘው ደግሞ ሊስት። አምስቱን ከተሞች በሊስት ብናስገባቸው የመንገዱን ቅደም ተከተል ይዘው ይቆያሉ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሸዋ ሮቢት 0፣ ካራቆሬ 4 ነው። በአፔንድ ሌላ ከተማ፣ ማጀቴን፣ መጨመር፣ በፖፕ አንዱን ማውጣት ይቻላል። ሶርት ካልነው ደግሞ ሰንበቴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ጀውሃ ብሎ በሀ ሁ ተራ ይደረድራቸዋል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ተራውን እንደጠበቀ ቁጥር ተሰጠው፦ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624። በስምንት በስምንት ስለተደረደረ የአንዱን ፊደል ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን ማየት ከዜሮ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ይነግራል። “ሸ” 4664 ነው፤ ቀሪ የለውም፣ ግእዝ ነው። የ“ዋ” ቀሪ 3 ነው፣ ራብዕ፤ የ“ሮ” 6፣ ሳብዕ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ፊደል ለፕሮግራም ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው።

ስትሪንግ እንደ ሊስት አይነካካም፤ አንዴ ከተሠራ አይለወጥም። ሪፕሌስ ፊደል ሲተካ አዲስ ስትሪንግ ይሰጣል እንጂ የቀድሞውን አያርምም። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱን ስም ሰጥተው ካልያዙት ይጠፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አጻጻፋችን ነው። “ሸዋ ሮቢት”ን ርዝመት ቆጣሪው ለን 6 ብሎ ይቆጥረዋል፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራልና። “ሸዋሮቢት” ተብሎ ሲያያዝ 5 ይሆናል፤ “ሽዋሮቢት” ብሎ የሚጽፍም አለ። ለሰው አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር ሦስት። የማሾ አምራቾች መዝገብ እንዲህ ተጽፎ በየከተማው ይደመር ቢባል የአንዱ ከተማ ምርት ሦስት ቦታ ይከፋፈላል። “ጀውሃ” እና “ጀውሐ”ም እንደዚሁ ናቸው።

ስለዚህ ከማወዳደር በፊት ክፍት ቦታውን ማውጣት፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ማምጣት፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ መመለስ ያስፈልጋል። “ሽዋ” በድምፅም ስለሚለይ የራሱ መተኪያ ይጻፍለት። ሰዎች ስማቸውን የጻፉበትን ሆሄ ግን አትደምስሱ፤ የተስተካከለውን ለማወዳደሪያ ብቻ በሌላ ሊስት ያዙት።