ኮምፒዩተር የሞትን ምክንያት እንዴት ይለያል?

በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ አንድ ሰው ሲሞት የሞት ምስክር ወረቀቱን ሁለት ወገኖች ይሞሉታል። የሟቹን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ የሚያስገባው የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሲሆን የሞቱን ምክንያት የሚጽፈው ሐኪም ነው። አሟሟቱ ድንገተኛ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ካውንቲው የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ይመራል። ሰነዱ በጆርጂያ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ከተመዘገበ በኋላ መረጃው ወደ ብሔራዊ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል ያልፋል። ይህ ማዕከል መቀመጫው ሜሪላንድ ቢሆንም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ የሆነው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ተቋም (ሲዲሲ) አካል ነው። የሐኪሙ ጽሑፍ ወደ ኮድ የሚለወጠው በዚህ የስታቲስቲክስ ማዕከል ነው።

ኮዶቹ የሚወሰዱት ከዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ነው። የምደባው መሠረት ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዣክ በርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረበው ዝርዝር ሲሆን፣ አሜሪካ 10ኛውን እትም ለሞት ምዝገባ መጠቀም የጀመረችው በ1999 ነው። ለእያንዳንዱ በሽታ ኮዱን ፈልጎ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። በአንድ ሰው ወረቀት ላይ አራት አምስት ሕመም ሊዘረዘር ይችላል፤ በዋናው የሞት ስታቲስቲክስ የሚቆጠረው ግን አንዱ፣ ወደ ሞት ያደረሰውን ሰንሰለት የጀመረው መነሻ ምክንያት ብቻ ነው።

ቅጹም የተዘጋጀው ይህን ለማውጣት ነው። በመጀመሪያው ክፍል የላይኛው መስመር ላይ በቀጥታ ለሞት ያበቃው ችግር ይጻፋል፤ ከሥሩ ያ ችግር ከምን እንደመጣ፣ ከዚያም በታች ያኛው ከምን እንደመጣ ይቀጥላል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ለሞቱ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሌሎች ሕመሞች ይገባሉ። ሐኪሙ በላይኛው መስመር «የአንጎል ደም መፍሰስ»፣ ከሥሩ «ደም ግፊት»፣ በሁለተኛው ክፍል «ስኳር» ብሎ ጻፈ እንበል። ጠቅላላው ደንብ የታችኛውን መስመር ስለሚመርጥ መነሻው ደም ግፊት ይመስላል። ነገር ግን ደም ግፊት ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር አብሮ ሲጠቀስ ስለ ሞቱ የበለጠ የሚናገረው ኮድ እንዲመረጥ የሚያዝ ሌላ ደንብ አለ። ስለዚህ ሞቱ የሚቆጠረው በደም ግፊት ኮድ፣ በአይ10፣ ሳይሆን በአንጎል ደም መፍሰስ ኮድ፣ በአይ61.9፣ ሥር ነው። ላላወቀው ግራ ያጋባል፤ ደንቡ ግን በሁሉም አገር አንድ ዓይነት እንዲሆን የታሰበ ነው።

እንዲህ ያለውን ምርጫ ቀድሞ የሚያደርጉት የሠለጠኑ ኮድ ሰጪዎች ነበሩ። አንዱ ባለሙያ የወሰነውን ሌላው ላይወስነው ይችላል። ማዕከሉ ከ1968 የሞት መረጃ ጀምሮ አክሚ የተባለ ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለ። አክሚ ሰፊ የውሳኔ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ሰንጠረዡ በሽታዎችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ «ይህ ያንን ሊያመጣ ይችላል?» ለሚለው መልስ ይዞ ነበር። ስኳር ለኩላሊት ሕመም መነሻ ቢባል ይቀበል ነበር፣ ኢንፍሉዌንዛ ለካንሰር መነሻ ቢባል ግን አይቀበልም ነበር። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ሕመም ወደ ኮድ መልሶ ለፕሮግራሙ የሚያቀርበው ሰው ነበር፤ በ1990ዎቹ የሐኪሙን ቃላት ራሳቸውን የሚያነቡ ፕሮግራሞች ተጨመሩ። በ2022 ደግሞ ሜድኮደር የተባለው አዲስ ሥርዓት በቦታቸው ተተካ።

ማሽኑ ያልገባውን ወረቀት ወደ ሰው ይመልሳል። በኮቪድ ዘመን ይህ ጎልቶ ታየ። በወቅቱ ማዕከሉ እንደገለጸው 80 በመቶው ሞት በደቂቃዎች ውስጥ በኮምፒዩተር ኮድ ያገኝ ነበር፤ አብዛኛው የኮቪድ ሞት ግን በባለሙያ እጅ ማለፍ ስለነበረበት በአማካይ 7 ቀን ይወስድ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከፕሮግራም አቅም በላይ ነው። ሐኪሙ «ልቡ ቆመ» ብሎ ብቻ ከጻፈ ኮምፒዩተሩ በትጋት ኮድ ይሰጠዋል፤ የማንም ሟች ልብ ግን መቆሙ ስለማይቀር ኮዱ ለጤና ጥበቃ የሚጠቅም ነገር አይናገርም። ኮዱ ራሱ ከልክ በላይ የሚሰፋበትም ጊዜ አለ፦ ፈንታኒልና ትራማዶል የተባሉት መድኃኒቶች በአንድ ኮድ፣ በቲ40.4፣ ሥር ይገባሉ። ስለዚህ የትኛው መድኃኒት እንደገደለ ለማወቅ ተመራማሪዎች ኮዱን ትተው ሐኪሙ የጻፈውን ቃል መልሰው ይፈልጋሉ። አውቶማቲክ ኮድ ሥራውን ያፈጥናል፣ አንድ ወጥም ያደርገዋል፤ የተድበሰበሰ ወረቀት ግን አያጠራም።

በኢትዮጵያ ችግሩ ከዚህ ይቀድማል። የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው በቤቱ ነው። ለዚህ የተገኘው መላ ቤተሰቡን ስለ ሟቹ የሕመም ምልክቶች መጠየቅ ነው፤ ሳሉ ስንት ጊዜ ቆየ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ሰውነቱ አብጦ ነበር ወይ። ኢንተርቪኤ የተባለው ፕሮግራም መልሶቹን ተቀብሎ የሞቱን ምክንያት በዕድል ስሌት ይገምታል፤ ቀደም ብሎ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱም ቡታጅራ ነው። አትላንታም እዚህ ላይ ትመለሳለች፦ በከተማዋ በሚገኘው በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ሻምፕስ የተባለ የሕፃናት ሞት ጥናት በሐረርና በቀርሳ ከሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቷል። እዚያ ከአስከሬኑ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፣ የቤተሰቡ ቃልም ይሰበሰባል፤ የመጨረሻውን ምክንያት የሚወስነው ግን የባለሙያዎች ጉባኤ ነው።