ፍንዳታ ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 ሰሜን ኮሪያ ከምድር በታች የኑክሌር ሙከራ ባደረገች ጊዜ፣ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነው ንዝረት በመላው ዓለም ተመዘገበ። ለመሆኑ የተፈጥሮ የመሬት መንቀጥቀጥ አለመሆኑ በምን ታወቀ?

በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ዐለቶች ጎን ለጎን ስለሚንሸራተቱ፣ ምድርን ወደ ጎን የሚያወዛውዘውና ዘግይቶ የሚደርሰው ሞገድ ይበረታል። ፍንዳታ ግን ዐለቱን በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ቀድሞ የሚደርሰው የግፊት ሞገድ ያይላል። እንግዲህ የሁለቱን ጥንካሬ በማነጻጸር ምንጩን እንለያለን።

አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የፉሪ ጣቢያም የዚሁ ዓለም አቀፍ የክትትል መረብ አካል ነው። የኑክሌር ሙከራን ሁሉ የሚከለክለውን የ1996ቱን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ብታጸድቀውም፣ ስምምነቱ እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም። መንግሥታት በቃል ብቻ አይተማመኑም፤ ውል ዋጋ የሚኖረው ጥሰቱ እንደማይደበቅ ሲታወቅ ነው።