ቬላ በድንገት የምትፈጥነው ለምንድን ነው?

ጓደኞቼ፣ አንዲት በጣም የምወዳትን ኮከብ ላስተዋውቃችሁ። ቬላ ፑልሳር ትባላለች። ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ አካል ውስጥ ታጭቆ፣ በሰከንድ 11 ጊዜ ትሽከረከራለች። የሬዲዮ ጨረሯ በዞረ ቁጥር ወደ እኛ ስለሚያልፍ ቴሌስኮፖቻችን በየ89 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ምት ይቀበላሉ።

መግነጢሳዊ መስኳ ጉልበቷን ስለሚያባክንባት ሽክርክሯ ቀስ በቀስ መዘግየት አለበት፤ ይዘገያልም። በ1969 እ.ኤ.አ. ግን በአውስትራሊያ የፓርክስ፣ በአሜሪካ ደግሞ የጎልድስቶን ሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተመራማሪዎች ያልተጠበቀ ነገር አዩ፦ ቬላ ከሚሊዮን ሁለት እጅ ያህል ፈጥናለች! ከዚያ ወዲህም በአማካይ በየሦስት ዓመቱ ገደማ እንዲሁ ታደርጋለች። ጉልበቱን ከየት አመጣችው?

ከውስጧ ነው። ጥሬ እንቁላል አሽከርክራችሁ በጣታችሁ ለቅጽበት አቁሙትና ልቀቁት፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞሩን ስላላቆመ ቅርፊቱን ይዞት እንደገና ይነሳል። ቬላም ጠንካራ ቅርፊት አላት፤ በቅርፊቱ ውስጥ ደግሞ ኒውትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሰበቃ የሌለው ፈሳሽ ሠርተዋል፤ ሱፐርፍሉይድ ይባላል። ይህ ፈሳሽ የሚዞረው እጅግ ብዙ በሆኑ ቀጫጭን አዙሪቶች አማካይነት ነው። ለመዘግየት አዙሪቶቹን ወደ ውጭ መግፋት ይኖርበታል፤ እነሱ ግን ከቅርፊቱ ኒውክለሶች ጋር ተጣብቀዋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ሲዘገይ ፈሳሹ በፍጥነቱ ይቀጥላል። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ አዙሪቶቹ በአንድ ጊዜ ሲላቀቁ፣ ፈሳሹ ያጠራቀመውን ሽክርክር ለቅርፊቱ ያስረክባል። ይህን ማብራሪያ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፊሊፕ አንደርሰንና ናኦኪ ኢቶህ በ1975 እ.ኤ.አ. አቀረቡት።

ማስረጃው ምንድን ነው? ከእያንዳንዱ ድንገተኛ የፍጥነት ዝላይ በኋላ ኮከቧ ወደ ቀድሞ አዘጋገሟ ለመመለስ ቀናትና ወራት ይፈጅባታል። ተራ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ በሰበቃ ምክንያት ወዲያው ከቅርፊቱ ጋር እኩል ይዞር ነበር። ታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. ላይ ደግሞ የታዝማኒያው ማውንት ፕሌዛንት ቴሌስኮፕ እያንዳንዱን ምት እየመዘገበ ሳለ ዝላዩ ደረሰ። በዚያው ሰዓት አንድ ምት ጨርሶ ጠፋ፤ የፍጥነቱም ለውጥ በሰከንዶች ውስጥ አበቃ።

ከቬላ ቅርፊት ቆንጥሮ ወደ ቤተ ሙከራ ማምጣት አይቻልም። ውስጧን ያሳወቀን ለዓመታት ምት የቆጠሩ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ምቷ ወደ ድምፅ ተቀይሮ ተቀድቷልና ፈልጋችሁ አድምጡት።