ሠላሳ ሰው በአንድ ቅኝት

ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ አንድ ገመድ ላይ ብዙ አገር ይሰቀላል። ጥለቱ ከደረት እስከ ጫፍ የወረደ ነጭ ቀሚስ አለ፤ ከጎኑ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የጋሞና የወላይታ ዱንጉዛ ይንጠለጠላል፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ለጉራጌው፣ ለራያው፣ ለሸዋ ኦሮሞው ጭፈራ የሚሆነው ይገኛል። ልጁን የሚድር ቤተሰብም ሆነ መድረክ ያለበት የባህል ዘፈን ቡድን ልብስ ሲያስፈልገው ገበያው ወዳለበት ወደ ጉለሌ ይመጣል። ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች ይህ የየዕለት እይታ ነው። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ልብሶቹ ጎን ለጎን እንዲህ ከተስማሙ፣ እነዚህ ልብሶች የሚጨፍሩባቸው ዜማዎችስ አብረው ቢቀመጡ ምን ይሆናሉ?

ጥያቄውን ከእኔ ቀድሞ የጠየቀ ሰው እንደነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የጠየቀውም እዚሁ አጠገባችን ነው። ከገበያው ተነስቶ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ብዙ ሳይደክም ስድስት ኪሎ ይደርሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡበት ግቢ። በ1963 ዓ.ም. በዚህ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ሃሊም ኤል ዳብ ይባላሉ። በ1921 ካይሮ የተወለዱ፣ ኋላ አሜሪካዊ የሆኑ የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ ናቸው። በ1944፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሰው ካይሮ ውስጥ ወደሚካሄድ የዛር ሥርዓት ሄዱ፤ የሴቶቹን ዝማሬ ቀረጹና ወደ ስቱዲዮ ይዘውት ተመለሱ። ድምፁን በገደል ማሚቶና በሌላ ዘዴ እየለዋወጡ የሠሩት ሥራ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃዎች መካከል ይቆጠራል። ዛር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ ቃል አይደለም። በዛር የጀመረ ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መግባቱን ሳስብ፣ መንገዱ ከመጀመሪያው ወደዚህ ያመራ የነበረ ይመስለኛል። በመካከሉ ኒው ዮርክ ውስጥ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን «ክሊተምኔስትራ»ን ደርሰው ስም አትርፈዋል፤ ስለዚህ ሙዚቃ ለሚጨፍር ገላ እንዴት እንደሚጻፍ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ከ1962 እስከ 1964 በዩኒቨርሲቲው ሲያስተምሩ፣ ሙዚቀኞችን ከየአካባቢው ሰበሰቡ፤ አማራ፣ ትግሬ፣ ኦሮሞ፣ ወላይታ፣ ጊሚራ። ተጫዋቹ፣ ድምፃዊውና ጨፋሪው ሲደመር እስከ ሠላሳ ይደርሱ ነበር። ያኔ አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ የሚነገርበት ዘመን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። መሰንቆ ይዞ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት የሚዞረው ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ልምምድ መቀመጡ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ፤ የዚህ ቡድን ውበት ያለው እዚያ ነውና።

ኦርኬስትራ የሚባለው ነገር በአውሮፓ ሲያድግ መሣሪያዎቹም አብረውት ተበጅተዋል። ኦቦው አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ሁሉም ከዚያ ይቃኛል። የእኛ መሣሪያዎች ግን እርስ በርስ ተጠባብቀው አልተሠሩም። ዋሽንትን እንውሰድ። አራት ቀዳዳ ያለው ሸንበቆ ነው፤ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ተበሳ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቅም የሚላላም ነገር የለውም። ስለዚህ ጎበዝ ዋሽንት ነፊ አጭርም ረጅምም፣ ቀጭንም ወፍራምም ዋሽንቶች ሰብስቦ ይዞ ይሄዳል፤ ዘፈኑ ሲለወጥ እሱም ዋሽንቱን ይለውጣል። ክራር ደግሞ በተቃራኒው ነው። አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፣ እያንዳንዱ ክር ከላይ ከአግዳሚው እንጨት ጋር ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ተጫዋቹ ማጥበቅና ማላላት አለበት፣ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። መሰንቆ ከሁሉም ታዛዥ ነው። የፈረስ ጭራ የሆነው አንድ ክሩ በጣት ስለሚዳሰስ የትም ይሄዳል፣ ማንንም ይከተላል። ከድምፃዊ ጋር ሲኖር የኖረውም በዚህ ጠባዩ ይመስለኛል።

እንቢልታ ጨርሶ ሌላ ዓለም ነው። የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስቱ ነፊዎች ተራ በተራ እየገቡ ዜማውን በመካከላቸው ይሠሩታል፤ አንዱ ቢቀር ዜማው ይሸነቆራል። በደቡብ ያሉ የመለከት ጓዶችም እንዲሁ ናቸው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ማጉ ከድሩ በላይና በታች እየተመላለሰ ጥለት እንደሚያወጣ፣ እንቢልታም በመፈራረቅ ነው ዜማ የሚያወጣው። ጉለሌ ያሉት ሸማኔዎቻችን ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ የዶርዜ ወንዶች ደግሞ በርካታ የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እያደራረቡ መዝፈን ያውቁበታል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ ይህን ዘፈን በ1970ዎቹ ቀርጸው በሸክላ አሳትመውታል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ለማስቀመጥ መጀመሪያ መፈታት ያለበት ጥያቄ ማን ለማን ይታዘዝ የሚለው ነው። መታዘዝ የማይችለው ዋሽንት ስለሆነ ክራርና መሰንቆ ወደሱ ይመጣሉ። ቀጥሎ ምት ይመጣል። የጎንደርና የጎጃም ትከሻ፣ የወላይታ ወገብ፣ የጉራጌ እግር፣ የሸዋ ኦሮሞ አንገት በአንድ ከበሮ አይንቀሳቀሱም። ችክችካ የሚባለው የደገኛው ምት ስድስት ሆኖ ይቆጠራል፤ ሰሚው ሲፈልግ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ሲፈልግ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ ይሰማዋል፤ እስክስታ ወራጁ ትከሻውን የሚሰብረው በዚህ መሃል ባለው ክፍተት ነው። ይህን ያላደገበት ከበሮ መቺ በቁጥር ቢይዘውም በገላው አይገባውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨፋሪ የአገሩን ከበሮ መቺ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ከሱ ሥር መግባትን ይማራል።

ጭፈራን ወደ መድረክ የማውጣት ሌላ መንገድም ስላለ፣ ለማነጻጸር አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። የክላሲካል ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ቤት መደርደሪያው ላይ የማይጠፉ የጭፈራ ሙዚቃዎች አሉ። የብራምስ 21 «የሃንጋሪ ጭፈራዎች» በ1869 እና በ1880 ታተሙ። የድቮርዣክ 16 «የስላቭ ጭፈራዎች» በ1878 እና በ1886 ተከተሉ። የዮሐን ሽትራውስ «ሰማያዊው ዳኑብ» በ1867 ቪየና ውስጥ መጀመሪያ ከወንዶች መዘምራን ጋር ቀርቦ ብዙም ሳይጨበጨብለት ቀረ፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ በኦርኬስትራ ብቻ ሲቀርብ ዓለምን አዳረሰ። እነዚህ በሸክላ ዘመን እንዲህ የተወደዱት በማማራቸው ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ አጭር ናቸው፤ የብራምስ አምስተኛው ጭፈራ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሸክላው አንድ ገጽ ላይ ይበቃዋል። ብራምስ ራሳቸውም በ1889 በኤዲሰን የድምፅ መቅረጫ ፊት ተቀምጠው በፒያኖ ከተጫወቱት አንዱ የመጀመሪያው የሃንጋሪ ጭፈራ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች የብራምስ ጭፈራዎች አንድ ጠባይ አላቸው። አብዛኛውን ዜማ ከሃንጋሪ ጭፈራ ይወስዱታል፣ ተጫዋቹን ግን እዚያው ይተዉታል። ከእነሱ ጋር ወደ ኮንሰርት አዳራሽ የገባው የሃንጋሪው ባለ ቫዮሊን አይደለም፤ የገባው ዜማው ነው፣ እሱም ሌላ ሰው አጣርቶ ጽፎት። በእኛም አገር ይህን መንገድ በክብር የሄደበት ሰው አለ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት»ን ለፈረንጅ መሣሪያ ደርሰው ሃንጋሪ ውስጥ የዚያን አገር ኦርኬስትራ በራሳቸው እጅ መርተዋል። ከዚያ በፊትም በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ባንድ አቁመው ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ የአገሩን ዜማ ለትልቅ ባንድ እያሰናዱ ለቲያትር ቤት ሠርተዋል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ያደረገው ግን ከዚህ ይለያል፤ ዜማውን ከነተጫዋቹ፣ ከነመሣሪያው፣ ከነጨፋሪው ነው መድረክ ላይ ያወጣው። ለእኔ የሚከብደው ይህ ሁለተኛው መንገድ ይመስለኛል። ቫዮሊን የተጻፈለትን ይጫወታል። ከአገሩ መሰንቆውን ይዞ የመጣ ሰው ግን የራሱን አጨዋወት፣ የራሱን ማጌጫ፣ የራሱን ኩራት ይዞ ይመጣል።

በኦርኬስትራው ቅጂ ውስጥ የሚሰማውም ይህ ነው። የአውሮፓው ኦርኬስትራ ድምፆችን ደርድሮ ይቆልላል፤ እዚህ ግን ሁሉም አንዱን ዜማ ይዞ እያንዳንዱ በራሱ ይጠማዘዝበታል። ዋሽንቱ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መሰንቆው ትንሽ ዘግይቶ ይንሸራተታል፣ ክራሩ ከሥር ይደጋግማል። ለለመደው ጆሮ የተዝረከረከ አይደለም። አንድ መንገድ ላይ እንደሚሄዱ ሰዎች ነው፤ እርምጃቸው አንድ ባይሆንም አብረው ይደርሳሉ።

ኤል ዳብ በ1964 ከሄዱ በኋላ አሜሪካዊው ጆን ኮ ቡድኑን ያዙ፤ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ ተረከቡት። ብዙ ኢትዮጵያዊ ቡድኑን የሚያውቀው በእሳቸው ስም ነው፤ የሚገባም ነው። የውጭ ሰው የጀመረውን ሥራ ያገር ልጅ ሲረከበው ሥራው ይጠነክራል ወይም ይሞታል፤ በተስፋዬ እጅ ጠነከረ። ከቡድኑ ባልደረቦች መሃል መሰንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበና በዋሽንትና በክራር የሚታወቁት መላኩ ገላው ይገኙበታል። በዚያው ዘመን ቻርልስ ሰተን የሚባል የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣት ከጌታመሳይ ዘንድ ተቀምጦ መሰንቆ ተማረ፣ አማርኛ ዘፈንም ያዘ። በ1969 ቡድኑ ከሱ ጋር ሆኖ አሜሪካን ዞረ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረበ። ለጉዞው የያዘው ስም «ብሉ ናይል ግሩፕ» ነበር፤ የሰማያዊው አባይ ጓድ። ቪየና ሰማያዊ ወንዟን በቫልስ ካወጀች ከመቶ ዓመት ትንሽ በኋላ መሆኑ ነው። ስሙን የመረጡት ሰዎች ዳኑብን አስበው ይሁን አይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱን ሸክላዎች አንድ ቀን በተከታታይ ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል።

ሸክላ ሲነሳ፣ ቅጂው በጭፈራው ላይ የሚያደርገውን ማየት ያስፈልጋል። የሠርግ ዘፈን ማብቂያው ጨፋሪው ነው፤ ካልደከመ አይቆምም፣ ሚዜዎቹ ሲጠሩ እንደገና ይነሳል። ትንሿ ሸክላ ግን በአንድ ገጿ የምትይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ሊጨፈር የተፈጠረ ነገር ተቀምጦ እንዲሰማ ሲደረግ መግቢያ ያስፈልገዋል፣ ማብቂያም ያስፈልገዋል፤ ዋሽንቱ ብቻውን የሚጀምርበት፣ ክራሩ የሚቀበልበት፣ ከበሮው ዘግይቶ የሚገባበት ሥርዓት መበጀት አለበት። ይህን በአገራችን የሠሩት እነዚህ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በ1908 ጀርመን የሄዱት ተሰማ እሸቴ እዚያ ዘፈን ሲያስቀርጹ ያው ችግር ገጥሟቸዋል። ልዩነቱ ተሰማ አንድ ሰውና አንድ መሰንቆ መሆናቸው ነው። ለሠላሳ ሰው መግቢያና መውጫ ማበጀት ሌላ ሙያ ነው፤ የኦርኬስትራ ሙያ።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ በ1975፣ ቡድኑ ተበተነ። ቅጂዎቹ ለብዙ ዓመት ከጥቂት ሰብሳቢዎች በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። በ2007 ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 23ኛ ቁጥሩን ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሰጠ፤ ዛሬ ማንም በስልኩ ሊያገኘው ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው አንድ ዘፈን መርጦ ሦስት ጊዜ እንዲሰማው እመክራለሁ። አንዴ ከበሮውን ብቻ ይከተል። ሁለተኛ ዋሽንቱን። ሦስተኛ ጊዜ ለዘፋኙ ማን እንደሚመልስለት ይስማ፤ አንዳንዴ መሰንቆ ነው፣ አንዳንዴ ተቀባዮቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው በራሱ ይመጣል።

ባለፈው ክረምት በስልኬ ይዤው ወደ አንድ ሸማኔ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል፤ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሸማ ይሠራ ነበር። ስልኩን ድሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ዝም ብሎ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልስ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እግሩ መርገጫውን የሚረግጥበት ምት ከዘፈኑ ጋር ገጠመ፤ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ዘፈኑ ሲያልቅ እግሩም ቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው» አለኝ፣ «ከበሮው የገባበት አምልጦኛል።»