ከባሕር ዳር እስከ ዓባይ መውጫ

ባሕር ዳር ሄዶ ጀልባ የሚሳፈር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ዘጌን ነው። አይፈረድበትም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለችው እዚያ ነው፣ ጫካው ቡና ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው። እኔ ግን ከጣና ጉዞዎች ሁሉ ያላግባብ የተናቀው አጭሩ ነው እላለሁ፤ ከከተማው ዳርቻ ተነስቶ፣ ደሴት ላይ ያለችውን ደብረ ማርያምን ተሳልሞ፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አፍ አይቶ የሚመለሰው። ጊዜ ያጠረው ሰው መጽናኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ጀልበኞቹ ራሳቸው «እሱ እንኳ ጉማሬ ለማየት ነው» እያሉ ያጣጥሉታል።

እኛ የአዲስ አበባ ቁስቋም ሰዎች ስለ ጀልባ ብዙም አናውቅም። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በክረምት ድልድይ ያስፈራል፣ በበጋ ደግሞ ባዶ ጀሪካን አያንሳፍፍም። ከተማን በውሃ ላይ ሆኖ መጎብኘት ሲባል አምስተርዳምና ቬኒስ ነው የሚመጣብን፤ ቪዛ የሚጠይቅ ነገር ይመስለናል። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ባሕር ዳር ነው። ከውሃው ላይ ሲታይ ከተማው ሌላ ነው፦ መንገዱና ባጃጁ ይጠፋል፣ ዛፉ፣ ደንገሉ፣ የሆቴሎቹ በረንዳና ልብስ የሚያጥቡት ሰዎች ይቀራሉ። የጎንደሯን ቁስቋም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴንም አሠርተዋልና፣ ቁስቋምና ጣና ባዕድ አይደሉም ብዬ ጎረቤቶቼን እጎተጉታለሁ። ናርጋ ግን በአጭሩ ጀልባ አይደረስም።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሞተር ያላት፣ ጣራ የለበሰች ጀልባ፣ አንድ ነጂ፣ አንድ አስጎብኚ። ዋጋው ሳይሳፈሩ በፊት ይነጋገሩበታል፤ ውሃ መሃል ላይ መከራከር ነውር ነው። ኮሮናና ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል የመጣው ጦርነት እነዚህን ሰዎች ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት አድርጓቸዋልና፣ ለመቶ ብር ብሎ ነፍስ እስኪወጣ የሚከራከር ጎብኚ ቢያፍር ደግ ነው። ጠዋት ይሂዱ። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። የተሰጠዎትን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበሱ፤ ፎቶ ላይ አያምርም ብሎ መቀመጫ ማድረግ የአዲስ አበባ ሰው አመል ነው። የጠጡበትን ሃይላንድም ይዘው ይመለሱ። እንቦጩ ለጣና ይበቃዋል።

በመንገድ ላይ ታንኳ ያጋጥማል። ደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው፤ እንደ ብልሃታቸው ያልተከበሩ፣ ከሐይቁ ዳር በየጊዜው ወደ ኋላ የተገፉ ሰዎች። ባለ ሞተሯ ጀልባ አጠገባቸው ስታልፍ ፍጥነት ካልቀነሰች ማዕበሏ ታንኳውን ይንጠዋል። ነጂዎ ቀስ እንዲል መናገር የእርስዎ ድርሻ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። ጀልባዋ ወደ መውጫው ስትጠጋ አስጎብኚው ብድግ ይላል። «ጋሼ፣ ያውልዎት! ያቺ ነጣ ያለችው መስመር ትታይዎታለች? ዓባይ እሷ ናት። ከወዲያ በኩል ገብቶ፣ ከጣና ውሃ ጋር ሳይቀላቀል፣ ሐይቁን ሰንጥቆ በዚህ ይወጣል።» ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እኔም ገና ሳልሄድ፣ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ከዚያችው መስመር ላይ በሃይላንድ ቀድቼ እንዳመጣላቸው አደራ ብለውኝ ነበር።

ያቺ መስመር ነፋስ የሠራት ናት። ነፋስ ውሃውን ሲያንከባልለው አረፋውንና ብናኙን ረድፍ ረድፍ አድርጎ ይሰበስበዋል፤ ሐዋሳም ላይ ላንጋኖም ላይ ይታያል። ሌላው ቀርቶ ካርታው ራሱ እምቢ ይላል። ይገባል የተባለው ወንዝ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጣና የሚገባው ከዘጌ ማዶ፣ በስተ ምዕራብ ነው። መውጫው ያለው በምሥራቅ፣ ባሕር ዳር ላይ ነው። ወንዙ ሳይቀላቀል ቢመጣ የዘጌን ልሳነ ምድር መዞር አለበት። አስጎብኚው ቀጥ ያለ መስመር እያሳየን፣ ከጀርባው ዘጌ ጥቁር ሆና ተገትራለች።

ወሬው ግን የአስጎብኚው ፈጠራ አይደለም፤ ዕድሜ ያለው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እዚህ የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ወንዙ በሐይቁ አንድ ጠርዝ በኩል በኃይል እንደሚያልፍና ውሃው ተለይቶ እንደሚታይ ጽፏል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1735 መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አሳትሞ ለዓለም አደረሰው። ከሎቦም በፊት ሮማዊው ፕሊኒ፣ ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም አስቀድሞ፣ ሐይቅ ውስጥ ገብተው ሳይቀላቀሉ ይወጣሉ ያላቸውን ወንዞች ዘርዝሯል። አንዱ በጄኔቭ ሐይቅ የሚያልፈው ሮን ነው። ሰው በየአገሩ ወንዙ በሐይቅ እንዲበላበት አይወድም መሰለኝ።

የጄኔቩ ታሪክ ደግሞ ግማሽ እውነት አለው፤ ነገሩን የሚያስረዳንም እሱ ነው። ሮን ከበረዶ ተራራ የሚወርድ ቀዝቃዛ፣ ደለል የተሸከመ ውሃ ነው። ቀዝቃዛና ደለላም ውሃ ከባድ ነውና ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል፣ ከታች ወለሉን እየቦረቦረ ርቆ ይሄዳል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ጄኔቭ 310 ሜትር ስለሚጠልቅ ነው። በዚያ ሁሉ ጥልቀት ላይኛው ውሃና ታችኛው ውሃ ሳይገናኙ ወራት ሊቆዩ ይችላሉ።

ጣና እንዲያ አይደለም። ስፋቱ እንደ ወቅቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ ቢባል 14 ሜትር ግድም ነው። ጣናን አሳንሰን የእንጀራ ምጣድ ብናደርገው፣ ውሃው ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያሰሹት ከሚቀረው ወዝ ብዙም አይወፍርም። እንዲህ የሳሳ ውሃ የከሰዓቱን ነፋስ አይችለውም፤ ከላይ እስከ ታች ይገለባበጣል። በነሐሴ የግልገል ዓባይ ጎርፍ ቡናማ ሆኖ ወደ ሐይቁ ሲዘረጋ ከአውሮፕላን ላይ በግልጽ ይታያል፤ ሰዎችን ያሳሳተውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። እየራቀ ሲሄድ ግን ይደበዝዛል፣ ይጠፋል።

ሳይንስ አልወድም የሚል ሰው ካለ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከት። ወንዞቹ የሚሞሉት በነሐሴ ነው። ጣና ራሱ ከፍታው ላይ የሚደርሰው በመስከረም ውስጥና ወደ ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው፤ በመውጫው በኩል ዓባይ የሚበረታውም ያኔ ነው። ዓባይ እንደ ቧንቧ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ የነሐሴው ጎርፍ በነሐሴ ባሕር ዳር በደረሰ። ሐይቁ ግን ይቀበላል፣ ያጠራቅማል፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። በክረምት ከምንጩ ከሰከላ በኩል የሚመጣው ውሃ አፈር ለብሶ ይገባል፤ አብዛኛው ደለል እዚያው ጣና ውስጥ ይቀራል። ግልገል ዓባይ የሚገባበት ቦታ ላይ ወደ ሐይቁ የተዘረጋው አዲስ መሬት ከዚያ ደለል የተሠራ ነው።

ሒሳቡ ደግሞ ይህ ነው። ጣና የሚይዘው ውሃ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ግድም ነው። ኋላ የማነሳው የበለስ የኃይል ማመንጫ ሳይሠራ በፊት በባሕር ዳር መውጫ በኩል በዓመት የሚሄደው ወደ 4 ቢሊዮን ነበር፤ በፀሐይ የሚተነው ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ግልገል ዓባይ ዛሬ ያስገባው ጠብታ፣ ሽቅብ ካልተነነ በቀር፣ በዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ ጋር፣ ከሌሎች ከ50 የሚበልጡ ጅረቶች ጋር፣ በቀጥታ ከሰማይ ሐይቁ ላይ ከወደቀው ዝናብ ጋር ተቀላቅሏል። በደብረ ማርያም ሥር የሚወጣው ወንዝ የጎጃምም የጎንደርም ውሃ ነው። ይሄ ታዲያ ካለመቀላቀሉ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል እላለሁ። አስጎብኚው የያዘው እውነት ከሚነግረን ተረት የተሻለ ሆኖ ሳለ ተረቱን ነው የሚሸጥልን።

ይህን ስል እምነት እየነካሁ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። ዓባይ ከገነት ወንዞች አንዱ የሆነው ግዮን ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ጠበሉን የሚሻ ሰው፣ ምንጩ ግሽ ዓባይ ላይ አለለት፤ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 አይቶት የጻፈለት ያው ምንጭ ነው። ቅድስናው ጣና ላይ በሚታይ አረፋ የሚጸና የሚፈርስ አይደለም። ለእትዬም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ውሃውን ግን አምጥቼላቸዋለሁ፤ ከመስመሯ ላይ ነው አላልኩም እንጂ።

ዓባይ ሳይቀላቀል ያልፋል የሚለውን ወሬ የሚያፈርስ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ጣና መውጫው አንድ ብቻ አይደለም። በ2002 የተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ ውሃ ይወስዳል፤ ያ ውሃ በበለስ ወንዝ ዞሮ ኋላ ከዓባይ ይገናኛል። ያልተቀላቀለው ዓባይ እንግዲህ በየትኛው በር ይውጣ? በባሕር ዳሩ መውጫ ላይ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። በሮቹ መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፣ ኋላ አምስት ተጨመሩ። ዓባይ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን በር ከፋቹም ነው። በ1995 የሐይቁ ውሃ ከመጠን በላይ ጎድሎ የጣና መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። ጢስ ዓባይ ሄደው ፏፏቴው ቀጥኖ ያገኙ ሰዎች ፏፏቴውን ያማሉ፤ ውሃው ከላይ ወደ ማመንጫዎቹ እንደተመራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ዓባይ ማለት የጣና ውሃ ነዋ» የሚል ሰውም ይሳሳታል። ሱዳን ድንበር ላይ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ የጣና ድርሻ ከ10 እጅ በታች ነው። የቀረውን በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎቹ ይሰጡታል። ከእነዚህ አንዱ የኛ ጎረቤት ነው። እንጦጦ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፦ ወደ ቁስቋም የሚንሸራተተው አቃቂ ገብቶ፣ ከአዋሽ ጋር ሄዶ፣ ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል፤ ከጫፉ አልፎ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ከቤቴ በላይ ያለው ጋራ ጀርባውን ለጉባ፣ ፊቱን ለአፋር ሰጥቶ የቆመ ነው ማለት ነው። ጎረቤቶቼ ጉባ ላይ ላለው የህዳሴ ግድብ ቦንድ ሲገዙ ይህን አላወቁም ነበር፤ ቢያውቁ እጥፍ በገዙ።

ወደ ጀልባዋ ስንመለስ፣ ደብረ ማርያም መውረድ ይቻላል። ነጠላ ይዘው ይሂዱ፤ ቁምጣ ለብሶ መጥቶ በር ላይ ነጠላ የሚለምን ሰው ሁሌ አይጠፋም። ሰዓቱ ከቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ ነጂውን አስቀድመው ይጠይቁት።

ጉማሬው የሚታየው መውጫው አካባቢ፣ ደንገሉ ዳር ነው፤ አንዳንዴ ጆሮና አፍንጫ ብቻ፣ አንዳንዴ ምንም። ካልታየ ገንዘቤ ይመለስ የሚል ተሳፋሪ ሰምቻለሁ። ጉማሬ ደሞዝተኛ አይደለም። ለፎቶ ጠጋ በል እያሉ ነጂውን የሚጨቀጭቁትም አሉ፤ ግልገል ያላት እናት ጉማሬ ጀልባ ትገለብጣለች፣ ነጂው ይህን ያውቃል። ሞተሩን ቀንሶ «ከዚህ በላይ አልጠጋም» ካለዎት ይመኑት፤ ሲወርዱም ጉርሻውን ለዚህ ይጨምሩለት።