እንዝርቱም ሸክላውም ሙዚየም ገባ፦ ኤን ያኤልን መጎብኘት ለምትፈልጉ

በዝግጅታችን ላይ ስለ ኤን ያኤል ካነሣን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ፣ «የት ነው? ምን ይታያል? እኛ ሽማግሌዎቹ እዚያ ሄደን ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። በአየር ላይ ሰዓቱ ስላልበቃን እነሆ በጽሑፍ።

ኤን ያኤል የሚገኘው እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከማልሓ በታች በራፋይም ሸለቆ ነው። የልጅ ልጆቻችሁን የመጽሐፍ ቅዱስ መካነ አራዊት ወስዳችሁ ከሆነ አካባቢውን ታውቁታላችሁ። ሸለቆው ዳዊት ከፍልስጥኤማውያን ጋር የተዋጋበት ነው፤ በ1892 የተከፈተው የያፋና የኢየሩሳሌም የባቡር ሐዲድም ያለፈው በዚሁ ነው። «ኤን» በዕብራይስጥ ምንጭ ማለት ስለሆነ እንደ ስሙ ምንጭ አለው። በድንጋይ የተካበ እርከን አለ፤ የሮማውያን ዘመን ባለጸጋ ቤት ፍርስራሽም በጠጠር ከተነጠፈ ባለ ሥዕል ወለሉ ጋር ተቆፍሮ ወጥቷል።

ሙዚየም ሲባል በመስታወት ሣጥን የተቆለፈ ዕቃ፣ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ይታየናል። ይህኛው ሜዳ ላይ ያለ፣ እጅ የሚያስነካ ሙዚየም ነው። ልጆች ጭቃ ያቦካሉ፣ ይሸምናሉ፣ ጠጠር እየደረደሩ ሥዕል ይሠራሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ። የጥንቱ ሰው እንዴት እንደኖረ በመሥራት ይማራሉ።

ይህ ዓይነቱ ሙዚየም የተጀመረው በሰሜን አውሮፓ ነው። አርቱር ሃሴሊዩስ የሚባል ስዊድናዊ በ1891 ከየገጠሩ አሮጌ ቤቶችን እያስነቀለ ስቶክሆልም ላይ ተከላቸውና ስካንሰን የተባለው ሙዚየም ሆነ። ዴንማርኮች ደግሞ በ1964 ሌይሬ በሚባል ቦታ ጥንታዊ መንደር እንደገና መሥራት ጀመሩ። እዚያ ያደረጉት አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1967 እንደ ጥንቱ አድርገው የሠሩትን ቤት ሆን ብለው አቃጠሉት። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ አመዱን ቆፈሩት። የተቃጠለ ቤት ከመሬት በታች ምን ምልክት እንደሚተው ለማወቅ ነው።

ስለ ቫይኪንጎችም ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከላሊበላ ዘመን በፊት በመርከብ እየዞሩ የነገዱም የዘረፉም የሰሜን ሰዎች ናቸው። ከባሕር ወለል ከወጣ መርከባቸው አንዱን ዴንማርኮች ልክ እንደ ጥንቱ በመጥረቢያ እየጠረቡ ደግመው ሠሩት፤ በ2007 እስከ አየርላንድ ቀዘፉበት። እንጨቱ እንዴት እንደሚፈለጥ የሚነግራቸው አያት ስላልነበራቸው፣ ከቀረው ስብርባሪ ላይ የመጥረቢያውን ጠባሳ እያዩ ነው የተማሩት።

እኛ ግን አያቶቹ በየቤታችን አሉ።

ኤን ያኤል የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። ወገራ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። አንዲት ወጣት አስተማሪ ለልጆቹ የጭቃ አሠራር ስታሳይ ትንሽ ቆመው አዩ፤ ቀጥሎ፣ «ጭቃው አልታሸም» አሉኝ። ተረጎምኩላት። ልጅቷም ወንበር አቀረበችላቸው። አክስቴ ጭቃውን እንደገና አሹት፣ እንደ ገመድ እየጠቀለሉ ዙሪያውን ደራረቡት፣ በጣታቸው አዋሓዱትና በለስላሳ ጠጠር አለዘቡት። የሚሽከረከረውን መሥሪያ አልነኩትም። ከጭቃው ውስጥ ገል ተወቅጦ ሊገባ ይገባ እንደነበር፣ አለዚያ እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ ነገሯት። ልጆቹ ከበቧቸው። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ እኮ የተሰደብንበት ሥራ ነው» አሉ።

ይህንን ለወጣቶቻችን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤል የመሬት ርስት ስለተነፈጉ እንጀራቸው እጃቸው ሆነ። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ግንብ ገነባ፣ እንጨት ጠረበ። ሴቷ ሸክላ ሠራች። ጎረቤቱ ማረሻውንም እንስራውንም ከእነሱ ገዝቶ፣ ማታ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ የታወቀችው የዚሁ ታሪክ አካል ሆና ነው። ብዙ አባቶችና እናቶች ለልጆቻቸው ሙያቸውን ሳያወሩ የቀሩት ረስተውት አይመስለኝም። እዚህ አገር ያ ሙያ የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎበት የሚታይ ነገር መሆኑን ማየት ለአክስቴ ቀላል አልነበረም፤ ደስታም ነበረው፣ ቁጭትም።

የመምህርነት አመል አልለቀቀኝምና ስለ ቃላት አንድ ነገር ልጨምር። በከተማው መሐል፣ በኢትዮጵያ መንገድ፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚያው መንገድ ላይ ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል፤ ዕብራይስጥ ለኩሽናውም ለገበያውም ቃል እንዲኖረው አንድ በአንድ እየሰበሰበና እየፈጠረ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው። የእኛ ቃላት አልጠፉም፣ መፍጠርም አያስፈልግም፤ ግን ወናፍ፣ ጉጠት፣ እንዝርት፣ ድርና ማግ፣ መወርወሪያ፣ ወስፌ፣ አክርማ፣ መጅ ብትሏቸው ከልጅ ልጆቻችሁ ስንቱ ያውቃል? ቃሉ ብቻውን አይያዝላቸውም። ዕቃው ፊታቸው ሲሆን፣ እጅዎ ሲሠራ ሲያዩ ይይዙታል። ስለዚህ ስትሄዱ ልጁ ስልኩን አውጥቶ እጃችሁንና ድምፃችሁን ይቅረጽ። ዕብራይስጥ ባይሞላላችሁ አትፈሩ፤ ጭቃው ያስተረጉማል።

ለመንገዱ፦ ቦታው ለሁሉም ሰው በየቀኑ ክፍት ስለማይሆን ከመነሣታችሁ በፊት ልጆቻችሁ ደውለው ይጠይቁ፤ በቡድን ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መመዝገብ ይሻላል። መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ ነው፤ ምርኩዝና የማያዳልጥ ጫማ ያዙ። በበጋ ውሃና ባርኔጣ አትርሱ፤ ጥላ ቢኖርም ፀሐዩ ይበረታል።

አክስቴ የሠሩትን ትንሽ ጀበና ይዘን መጥተን መስኮቱ ላይ አድርቀነዋል። መተኮሱ ይቀራል። በኩባ ነው የሚተኮሰው ካላሉ እሺ አይሉም፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ኩበት የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ደውሉልን።